ሦስተኛው ቅጂ

ብርቅዬ ኩማና እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሷ ላቦራቶሪ፣ እኔ መርፌ ክፍል። ክፍላችንን የሚለየው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ነበርና እሷ ወንበር ስትጎትት እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ሕፃን ሳስለቅስ እሷ ትሰማለች። ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹን ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ብርቅዬ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ አባቷ ወንጌላዊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋዎኗን ራሷ ካልተኮሰችው የማትለብስ ሴት ነበረች። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ሌላው ባለሙያ በማይክሮስኮፑ ጎንበስ ብሎ "ወባ" ወይም "ነጻ" ብሎ ሲያልፍ፣ እሷ የአንድን ሰው ደም መቶ ቦታ ሳታይ ውጤት አትጽፍም። በሽተኞቹ በመስኮት "ኧረ ፍጠኚልን!" ሲሏት ቀና ሳትል "እየፈጠንኩ ነው" ትላለች፤ አትፈጥንም።

በስድሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ክረምት ከተማችን ውስጥ ግርሻ ገባ። ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ነው። ሰውየውን አንድ ሳምንት ያነድደዋል፣ ይለቀዋል፣ ዳንኩ ብሎ ሥራ ሲጀምር ተመልሶ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይመስለው ነበርና ክሎሮኪን እየዋጠ ቤቱ ይተኛ ነበር። የመጀመሪያውን በሽተኛ ያገኘችው ብርቅዬ ናት። ጠርታኝ በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ፤ በደሙ መካከል ቀጭን ጥምዝ ክር የመሰለ ነገር ተጋድሟል።

ከዚያ በኋላ መርፌ ወግቶ መሸኘት ብቻ አላረካትም። የከተማዋን ካርታ በካርቶን ላይ ሠርታ ግድግዳ ላይ ለጠፈች፤ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ቤቱ ያለበት ላይ እስፒል ትሰካለች። "የት ታድራለህ? ያለፈውን ሳምንት የት አደርክ? የማንን ብርድ ልብስ ለበስክ?" ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አንድ በሽተኞች ሁሉ መናኸሪያ አጠገብ ባለ አንድ ማደሪያ ቤት እንዳደሩ ደረሰችበት። ወንድሙ የሚባለው የጤና ጣቢያችን ሳኒታሪያን፣ የንጽሕና ተቆጣጣሪው፣ ሄዶ የማደሪያውን ልብስና ብርድ ልብስ በበርሜል አስቀቀለ፣ ዲዲቲ ነሰነሰ። ከዚያ ቤት ከዚያ ወዲያ አንድም በሽተኛ አልመጣም። ብርቅዬ ያን ቀን ስትስቅ አየኋት።

ችግሩ ሌላው ሰው በሩን አለመክፈቱ ነበር። ወንድሙ ዲዲቲ ተሸክሞ ሲያንኳኳ "ቅማላም ልትሉን ነው?" ብለው ይመልሱታል። ታዲያ ብርቅዬ አንድ ሐሳብ አመጣች። የበሽተኛው ስም፣ የቤት ቁጥር፣ በቤቱ ያለው ሰው ብዛት በአንድ ቅጽ ላይ ይጻፍ፤ ቅጹም ሦስት ቅጂ ይኑረው። አንዱ ላቦራቶሪ ይቀራል፣ አንዱ ለወንድሙ ይሰጣል፣ ሦስተኛው ለቀበሌ ይሄዳል። ቀበሌ ካዘዘ በሩን የማይከፍት የለም። ኃላፊያችን "ጎበዝ!" አላት።

ያ ጊዜ እንዴት ያለ እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። አሰሳ ነበር፤ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ቤት ለቤት ይገባሉ፤ ሰው ወንድሙን ጓዳ፣ ልጁን ቆጥ ላይ ይደብቃል። ብርቅዬ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። "እኔ የማስበው ስለ ቅማል ብቻ ነበር" ብላኛለች በኋላ። "ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልሰጠሁትም።"

በሐምሌ ጫልቱ የምትባል ልብስ ሰፊ ከአዲስ ከተማ ሰፈር መጣች። ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል፤ ደሟ ሲታይ ግርሻ ነው። ብርቅዬ ቅጹን አውጥታ ጠየቀቻት።

"ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ማንም የለም?"

"ማንም።"

"ስሚኝ እህቴ፣ አንቺን አክመን ብንልክሽ ቤት ያለው መልሶ ያሲዝሻል። የታመመ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ሊሞት ይችላል። ለእሱ ብለሽ ንገሪኝ።"

እኔ መርፌውን እያዘጋጀሁ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ጫልቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ወንድሜ አለ" አለች። "ጓዳ ነው የተኛው። አምስተኛ ቀኑ ነው፤ እህል አይቀምስም። ወደዚህ መምጣት አይችልም።"

"ጎሽ፤ እኛ እንመጣለን" አለቻት ብርቅዬ። ቅጹም ላይ "ሁለት ሰው፤ አንዱ የታመመ ወንድ፣ ጓዳ" ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ሳኒታሪያኑ ወንድሙ መድኃኒትና ዲዲቲ ይዞ ሲደርስ ቤቱ ተከፍቶ፣ ፍራሹ ውጭ ተጥሎ አገኘው። ጥበቃዎቹ ሦስተኛውን ቅጂ ይዘው ቀድመውታል፤ የታመመውን ወስደዋል። የጫልቱ ወንድም ከአምስት ወር ጀምሮ ሲፈለግ የነበረ ሰው ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጫልቱ መጣች። ሰው ሁሉ ወረፋ ይዞ ተቀምጧል። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆማ ብርቅዬን አየቻት። አልጮኸችም።

"ለማን ነው የነገርሽው?" አለቻት።

ብርቅዬ እጇን ቅጾቹ ላይ አደረገች።

"ለእሱ ብለሽ አልሽኝ እኮ። ለእሱ ብዬ ነገርኩሽ።"

ይህን ብላ ሄደች። ሁለተኛውን መርፌዋን እንኳ አልተወጋችም። ወንድሟ አልተመለሰም። እሷም ቤቷን ዘግታ ወደ ዲላ ሄደች ሲባል ሰማን። ብርቅዬ ከዓመታት በኋላ ዲላ ድረስ ሄዳ ፈልጋት ነበር፤ የሚያውቃት ሰው አላገኘችም።

ያን ቀን ብርቅዬ ሥራዋን ሳታቋርጥ ዋለች። ማታ ስንወጣ ግን "ከበቡሽ" አለችኝ፣ "እናንተ ኃጢአታችሁን ለቄስ ትናገራላችሁ። እኛ የምንናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ያውቀዋል። እንዴት ነው የሚቀልለው?" "አንቺ ምን አጠፋሽ? ሥራሽን ነው የሠራሽው" አልኳት። ፊቷን አዞረች።

ጳጉሜ ሦስት ቀን አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው መጣ። ስሜ ተፈራ ነው አለ። ኮቱ ከእሱ በጣም ይሰፋዋል፤ ጫማው የመምህር ጫማ ነው፤ በር በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ይቀብራል። ደሙ ግርሻ ሆኖ ተገኘ። ብርቅዬ ቅጹን ስታወጣ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣

"አድራሻዬን ባትጽፊው ምን ይሆናል?" አላት።

አየችው። ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሆነ ገባት።

"ምንም አይሆንም" አለችው። ቅጹ ላይም "መንገደኛ፣ ከሻሸመኔ" ብላ ጻፈች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዲዲቲ ሰጠችውና "ልብስህን ሁሉ ቀቅል፣ ሸሚዝህን ኮትህን ሳትል፤ የምትለብሰውንም የምትተኛበትንም" አለችው። "እሺ" አለ። የት እንደሚያድር አልጠየቀችውም። ላለማወቅ ፈልጋ ነው። መርፌውን ወጋሁት፣ ሄደ። ብርቅዬ በግድግዳው በኩል "ከበቡሽ፣ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል" አለችኝ። ከጫልቱ ወዲህ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም ስትል ነው።

የተደበቀ ሰው ልብሱን የት ይቀቅላል? በማን ድስት? በማን ማገዶ? ይህን ብርቅዬም አላሰበችውም፣ እኔም አላሰብኩትም።

መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን አቶ ጌታቸው የሚባሉ የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ሚስታቸውን በጋሪ ይዘው መጡ። አስካለ ትባላለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ስድስት ቀን አተኩሷታል። ወባ ነው ብለው ክሎሮኪን ሲሰጧት ሰንብተዋል። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ አፍንጫዋ ይደማል። ብርቅዬ ደሟን ቀብታ ስታይ መቶ ቦታ ማየት አላስፈለጋትም፤ የመጀመሪያው ቦታ በእነዚያ ክሮች ተሞልቶ ነበር።

ግርሻ ላይ መርፌ ሲወጋ አንድ ክፉ ሰዓት አለ። ጀርሙ በአንድ ጊዜ ሲያልቅ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይብሳል። ጠንካራ ሰው ያልፈዋል። አስካለን መርፌ የወጋኋት እኔ ነኝ፤ በሐኪሙ ትእዛዝ፣ በትንሽ መጠን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ብርቅዬ ማይክሮስኮፑን ትታ መጥታ እግሯን ይዛ ነበር። አስካለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈች፤ በሆዷ ያለውም አልተረፈም።

አቶ ጌታቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ለራሳቸው ይሁን ለእኛ ሳይታወቅ ይናገራሉ። "ከየት አመጣችው? እኛ ንጹሕ ሰዎች ነን። የኋላ ክፍላችን የነበረው ተፈራ ብቻ ነው በጳጉሜ ያተኮሰው፤ እሱ ደግሞ እዚሁ መጥቶ ድኗል። ብርድ ነው ስትል ጋቢዋን ያዋሰችው እሷ ናት፤ ሲሄድ ነው የመለሰው።"

ብርቅዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰማች። እኔም ሰማሁ። ተያየን።

ከቀብሩ በማግስቱ ሳኒታሪያኑ ወንድሙ ካርታው ፊት ቆሞ "ይቺ ሴትዮ ከማን ነው የያዛት? መናኸሪያ ጀርባ እኮ ከነሐሴ ወዲህ ሰው አልታመመም" አላት።

"አይታወቅም" አለች ብርቅዬ። በሕይወቷ ሙሉ እንደዚያ ቃል የከበዳት የለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። በርሜል በጋሪ አስጭና፣ ማገዶ ገዝታ፣ ዲዲቲ ይዛ አቶ ጌታቸው ግቢ ገባች። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ የሰባት ዓመቷ ፅጌና ታናሿ፣ ትኩሳት ጀምሯቸው ነበር። አክስታቸውም እንዲሁ። ቅጽ አልሞላችም። ጠርታኝ ሄጄ ሦስቱንም እዚያው ወጋኋቸው። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ የለቀስተኛውን ብርድ ልብስ ሳይቀር እያጠለቀች ስትቀቅል ዋለች፤ በማግስቱም፣ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ተመለሰች። ተፈራ በዘመን መለወጫ ሰሞን ግቢውን ለቆ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም። ሦስቱም በሽተኞች ዳኑ። ከዚያ ግቢ ሌላ ሰው አልሞተም።

ያስቸገራት ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አቶ ጌታቸው ብርቅዬን የልጆቻቸው አዳኝ አደረጓት። መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ለአርባው ጠሯት፤ ለሙት ዓመቱ ጠሯት፤ በየዓመቱ ይጠሯታል። እሷም ትሄዳለች። ከካህናቱ ቀጥሎ ያስቀምጧታል። "ልጆቼን ከሞት አፍ ያወጣችልኝ ይቺ ናት" ይላሉ ለእንግዳው ሁሉ። ዳቦው ይቆረሳል፤ እሷ ቁራሹን ይዛ አንገቷን ትደፋለች፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ከዚያ ስንመለስ ቁራሹን ሳትቀምስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው አየሁ።

"ወይ አትሂጂ፣ ወይ ንገሪያቸው" አልኳት።

"ብቀር ለምን ቀረች ይላሉ" አለች። "ብነግራቸው ደግሞ የዚያን ሰው ነገር ይሰማል። ቀበሌው ያው ቀበሌ ነው።"

እውነት ነበር። ግን ሰበብም ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች።

በሰባ ሰባት ዓ.ም. የአስካለ የሰባት ዓመት ተዝካር ደረሰ። አቶ ጌታቸው ያን ጊዜ ወደ ቡሹሎ ወጥተው፣ ሐይቁ አጠገብ ጎመንና በቆሎ እየተከሉ ይኖሩ ነበር። ተዝካሩ እሁድ ነው። ብርቅዬ በፊተኛው ሐሙስ ከሰዓት በእግሯ ሄደች። የበቆሎ ማሳ መካከል አገኘቻቸው።

"ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?" አሏት።

"አቶ ጌታቸው፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ሳልጨርስ አያቋርጡኝ።"

ከጫልቱ ጀምራ ነገረቻቸው። ተፈራ አድራሻዬን አትጻፊ እንዳላት፣ "ከሻሸመኔ" ብላ እንደጻፈች፣ የት እንደሚያድር ሳትጠይቅ እንደሸኘችው፣ ወንድሙ ሲጠይቃት "አይታወቅም" እንዳለች። አቶ ጌታቸው ዶማቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ሰሟት።

"ብትጽፊው ኖሮ ሰውየውን ይወስዱት ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"ይወስዱት ነበር።"

"እሷስ ትተርፍ ነበር?"

"ይመስለኛል።"

"አስካለ የሰውየውን ማንነት ታውቅ ነበር" አሉ። "የእሷ የአክስት ልጅ ጓደኛ ነው። እኔ ፈርቼ ይውጣ ስላት፣ እሷ ናት አይወጣም ያለችው። እራቱን የምታደርስለት እሷ ነበረች። ለራሷ ፈቅዳ ነው።"

ይህን ያሉት ሊያጽናኗት ይሁን ሚስታቸውን አስታውሰው፣ ብርቅዬ አላወቀችም። እኔ ብሆን ቃሉን እንደ ምሕረት ተቀብዬ እመለስ ነበር። እሷ ግን፣

"ሰውየውን ታውቅ ነበር" አለቻቸው። "ቅማሉን ግን አታውቅም። እሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ቅጽ ሳልጽፍ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ያኔውኑ ተከትዬው መጥቼ ጋቢዋን መቀቀል እችል ነበር። ከሞተች በኋላ ያደረግሁት ያንኑ አይደለም? ጥፋቴ መደበቄ አይደለም። ደብቄ ሲያበቃ እፎይ ብዬ መተኛቴ ነው።"

አቶ ጌታቸው ዶማቸውን አነሱ። አንድ ሁለት ጊዜ ቆፈሩና አቆሙ።

"ለእሁዱ አትምጪ" አሏት። "ልጆቹ ከእኔ ይስሙት። ሰባት ዓመት እንጀራዬን ስትበዪ ምነው አልነገርሽኝም? ሌላውን እችለዋለሁ። ይቺን አልቻልኳትም።"

"እሺ" ብላ ተመለሰች። ያን ቀን ቡሹሎ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛት፤ ቤቴ ስትደርስ ተነክራ ነበር። ቀለለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "አልቀለለኝም" አለች። "አሁን ግን የሚከብደኝ በልኩ ነው።"

ሁለት ዓመት ቆይቶ የአቶ ጌታቸው ትልቋ ልጅ ፅጌ ወደ ላቦራቶሪው መጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የተማሪ ቤት ልብሷን ለብሳለች። "አባባ ነግሮናል" አለች። ብርቅዬ ከወንበሯ ተነሳች። ልጅቷ የመጣችው ልትሰድባት መስሎኝ ከክፍሌ ወጣሁ።

"እናቴን የገደላት ምን እንደሚመስል አሳዪኝ" አለች ፅጌ።

ብርቅዬ ለማስተማሪያ ካስቀመጠቻቸው ስላይዶች አንዱን አውጥታ፣ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ ወንበሯን ለቀቀችላት። ልጅቷ ረጅም ጊዜ አየች።

"ይሄ ክሩ ነው?"

"አዎ።"

"ይሄ ብቻ?"

"ይሄ ብቻ ነው።"

ፅጌ ቀና አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። አልረገመቻትምም። "አመሰግናለሁ" ብላ ደብተሯን አንስታ ወጣች። ብርቅዬ ያን ቀን ከሰዓት የመጡትን በሽተኞች በሙሉ መረመረች፤ ስላይዱን ግን የምቀባላት እኔ ነበርኩ።

በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። ከግንባር የተመለሰ ወታደር ከተማውን ሞላው፤ የሚያድርበት የለው፣ የሚለውጠው ልብስ የለው። ግርሻ እንደገና መጣ፤ የዚያ የስድሳ ዘጠኙ አምስት እጥፍ ሆኖ። አዲሱ ኃላፊ የበሽታውን ክትትል ለብርቅዬ ሰጣትና "የድሮው ቅጽ አለ አይደል? እሱን እናባዛው" አላት። "ያን ቅጽ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የማጠፋውም እኔ ነኝ" ብላ እምቢ አለች። በምትኩ ጠዋት ማይክሮስኮፕ ላይ ትውልና ከሰዓት በርሜል ታስጭናለች። ሃምሳ ዓመት እየተጠጋት፣ ወታደሮቹ ወደ ተጠለሉበት መጋዘን በእግሯ ትሄዳለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር። ጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ስሙን ሊነግራት ፈራ። "ስምህን ለራስህ ያዘው" አለችው። "የተኛህበትን ብርድ ልብስ ብቻ ስጠኝ። ማታ ደግሞ መጥቼ አይሃለሁ።" ማታ ሄዳ አየችው።

በዚያ ክረምት እሷ ከያዘቻቸው መካከል ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሰዎች "ከዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ብቻ!" እያሉ አመሰገኗት። እሷ የሁለቱንም ቤተሰብ አገር ጠይቃ፣ አንዱ ይርጋለም፣ አንዱ አለታ ወንዶ ሆኖ አገኘችውና በአውቶቡስ ሄዳ ደረሰች። እናቶቻቸው ፊት ተቀምጣ ልጆቻቸው መቼ እንደመጡ፣ ምን እንደተደረገላቸው፣ የትኛው ሰዓት ላይ እንደዘገየች አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የይርጋለሟ እናት ብርቅዬን አቅፈው አለቀሱ። የአለታ ወንዶዋ ግን በሩን አሳዩዋት። ብርቅዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ያመጣችውን የልጃቸውን መታወቂያ ደጃፉ ላይ ለጎረቤት ሰጥታ፣ የሚቀጥለውን አውቶቡስ ለመጠበቅ መንገድ ዳር ቆመች።